በ31 ሳምንቱ የተወለደ ልጅ የአየር ቧንቧ ሕዋሳቱ ሳይሠሩ ነው የተወለደው?

ጥያቄ፦ «ወንድ ልጄ የተወለደው በ31ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው። ለጥቂት ሳምንታት በኦክስጅን ሲረዳ ቆይቶ ከሆስፒታል ወጣ። አሁን 6 ዓመቱ ነው፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ሲሮጥም ከእኩዮቹ ቀድሞ ይደክመዋል። የሳንባው ሕዋሳት ሳይሠሩ ስለተወለደ ነው ያሉኝ ሰዎች አሉ። የአየር ቧንቧ ሕዋሳት የሚሠሩት መቼ ነው? ያልተሠራውስ በኋላ ይሠራል? ሲያድግ ለከባድ የሳንባ በሽታ ይጋለጥ ይሆን?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቅዎትን ላስቀድም። ልጅዎ በተወለደበት ዕለት የአየር ቧንቧዎቹ ቅርንጫፎች፣ ከጉሮሮ ሥር ከሚጀምረው ዋና ቧንቧ አንስቶ እስከ መጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች ድረስ፣ በሙሉ ተዘርግተው ነበር፤ ውስጣቸውን የሚያለብሱት ሕዋሳትም በየዓይነታቸው ተለይተው ነበር። ያልተጠናቀቀው ከቧንቧዎቹ ጫፍ ላይ ያለው፣ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባበት ክፍል ነው። ስለዚህ «ሕዋሳቱ ሳይሠሩ ተወለደ» የሚለው አነጋገር ለአየር ከረጢቶቹ በከፊል እውነት ቢሆንም ለአየር ቧንቧዎቹ ግን ትክክል አይደለም። ልጅዎ አሁን ለምን ሲር ሲር እንደሚል፣ ከእንግዲህ ምን ሊሻሻል እንደሚችልና ምን እንደማይለወጥ ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ነገሩን ከመነሻው የምተርከው።

አስቀድሜ ስለ አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል። ሐኪሞች የእርግዝናን ሳምንት የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምረው ነው፤ የፅንስን እድገት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ግን ከፅንሰቱ ቀን ይነሣሉ፤ በመካከላቸው የ2 ሳምንት ያህል ልዩነት አለ። ከዚህ በታች ስለ ሳንባ አሠራር የምጠቅሳቸው ሳምንታት በሁለተኛው አቆጣጠር ናቸው፤ በዚህ ስሌት ልጅዎ የተወለደው በ29ኛው ሳምንት ገደማ ነው።

ሳንባ የሚጀምረው በ4ኛው ሳምንት፣ ሽሉ ገና ጥቂት ሚሊሜትር ርዝመት ብቻ ባለው ጊዜ ነው። ኋላ የምግብ መተላለፊያ በሚሆነው ቱቦ የፊት ግድግዳ ላይ ጥቂት ሕዋሳት ኤንኬኤክስ2-1 የተባለውን ፕሮቲን መሥራት ይጀምራሉ። ይህ ፕሮቲን ሌሎች ጂኖችን የሚከፍትና የሚዘጋ ተቆጣጣሪ ሲሆን እነዚያ ሕዋሳት ወደ ሆድ ዕቃ ሳይሆን ወደ ሳንባ ወገን መሄዳቸውን የሚያሳይ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ከዚያ ግድግዳው ወደ ፊት ያብጥና ትንሽ እንቡጥ ይሆናል፤ እንቡጡም ለሁለት ተከፍሎ የቀኝና የግራ ሳንባ መነሻ ይሆናል፤ የአየሩና የምግቡ ቧንቧም ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ይህ መለያየት ሳይሟላ ሲቀር ሕፃኑ የምግብ ቧንቧው ተቋርጦ ወይም ከአየር ቧንቧው ጋር ተያይዞ ይወለዳል፤ በቀዶ ሕክምና የሚታረመው ይህ ችግር ከ3,000 እስከ 4,500 ከሚደርሱ ልደቶች በአንዱ ላይ ይታያል።

ከ5ኛው እስከ 17ኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ለአየር ቧንቧዎች ወሳኙ ዘመን ነው። እንቡጡ እየረዘመ ጫፉ ይከፈላል፣ የተከፈለው ጫፍ ደግሞ እንደገና ይከፈላል፤ እንዲህ እየቀጠለ በአዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ ወደ 23 የሚጠጉ የቅርንጫፍ ትውልዶች ይቆጠራሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 16 ያህሉ አየር የሚያመላልሱ ብቻ ናቸው፤ በዚህ ዘመን ተዘርግተው የሚያልቁትም እነርሱ ናቸው። ቅርንጫፉ ወዴት እንደሚያድግ የሚወስነው የቧንቧው ሽፋን ብቻውን አይደለም። ከሽፋኑ ውጭ ያለው ልል ህብረ ሕዋስ ኤፍጂኤፍ-10 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን በየቦታው ያመነጫል፤ የሽፋኑ ጫፍ ወደዚያ መልእክት ያድጋል፤ ጫፉ ደግሞ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለ ሌላ መልእክት መልሶ እየላከ የመጀመሪያው መልእክት ከልክ እንዳያልፍ ይገታዋል። ይህ ኤፍጂኤፍ-10 የጎደላቸው አይጦች ዋናው የአየር ቧንቧ ኖሯቸው ከሥሩ ግን ሳንባ የሚባል ነገር ሳይኖራቸው ይወለዳሉ፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የሳንባን አሠራር በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ ነገር የለም፤ አንድ መልእክት ሲቀር ሙሉ አካል ይቀራል።

ቧንቧው በሚያድግበት ጊዜ በጫፉና በግንዱ ያሉት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ሆነው አይቆዩም። ጫፍ ላይ ያሉት ሶክስ-9 የተባለውን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ይዘው እየተባዙ ይቀጥላሉ፤ ጫፉ አልፏቸው ከኋላ የቀሩት ደግሞ ሶክስ-2 የተባለውን ብቻ ይዘው የአየር ቧንቧ ሽፋን ወደመሆን ይዞራሉ። በሰው ፅንስ ጫፎች ላይ ሁለቱ ፕሮቲኖች ለበርካታ ሳምንታት በአንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው ይታያሉ፤ በአይጥ ግን እንዲህ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከአይጥ የመጣ ስለሆነ ግኝቶችን እንዳሉ ወደ ልጆቻችን እንዳናዛውር ያስጠነቅቀናል። አይጥ መሠረታዊ የሚባሉትን ሕዋሳት የሚይዘው በዋናው ቧንቧና በትልልቆቹ ቅርንጫፎች መነሻ ብቻ ሲሆን የሰው ልጅ ግን እስከ ትንንሾቹ ቧንቧዎች ድረስ አሉት።

አሁን ወደ ሕዋሳቱ ዓይነት ልምጣ፤ የጥያቄዎ ልብ ያለው እዚህ ነው። ከአየር ቧንቧ ሽፋን ሕዋሳት መካከል ቀድመው ማንነታቸውን የሚይዙት የነርቭና የሆርሞን ባሕርይ ያላቸው ኒውሮኢንዶክራይን የሚባሉት ናቸው፤ በ8ኛውና በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይታያሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ በቅርንጫፎች መገናኛ ላይ ተሰባስበው ይገኛሉ፤ አየሩ ምን እንደያዘ የሚያጣጥሙ ጠባቂዎች አድርገን ብናስባቸው ከእውነቱ አንርቅም። ቀጥሎ ከ11ኛው ሳምንት ወዲህ በዋናው ቧንቧ ላይ ሲሊያ የሚባሉ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ያሏቸው ሕዋሳት ይወጣሉ፤ ንፍጥ የሚያመነጩት ጎብሌት ሕዋሳትም ብዙም ሳይዘገዩ ይከተላሉ። ለውጡ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ዋናው ቧንቧ ሲበስል ትንንሾቹ ቅርንጫፎች ገና በመንገድ ላይ ናቸው። በትንንሾቹ ቧንቧዎች ውስጥ ደግሞ ንፍጥ ሳይሆን ተከላካይ ፕሮቲኖችን የሚያመነጩ፣ ዛሬ ክለብ ሕዋስ የምንላቸው ይበዛሉ። እነዚህ ሕዋሳት እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የሚጠሩት እ.ኤ.አ. በ1937 በገለጻቸው በማክስ ክላራ ስም ነበር፤ ሰውዬው የናዚ ፓርቲ አባል እንደነበረና የተጠቀመበትም ህብረ ሕዋስ ከተገደሉ እስረኞች የተወሰደ እንደነበር ሲታወቅ የሳንባ ባለሙያዎች ስሙን ለወጡ። መለወጡ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የሟቾቹ ክብር ከልማድ ይበልጣል።

አንድ ሕዋስ ሲሊያ ያለው ወይም አመንጪ የሚሆነው እንዴት ነው ቢሉ፣ በብዛት የሚወስነው ጎረቤቱ ነው። ኖች በተባለው የመልእክት መንገድ ሕዋሳት በግድግዳቸው ተነካክተው ይነጋገራሉ፤ መልእክቱን አጥብቆ የተቀበለው ሕዋስ ወደ አመንጪነት ያዘነብላል፤ ያልተቀበለው ሲሊያ ያበቅላል። በዚህ ምክንያት ሽፋኑ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች እየተፈራረቁ ይሰደራሉ፤ መጥረጊያ ብቻ ወይም ንፍጥ ብቻ ያለው ቧንቧ አይሠራምና። በላቦራቶሪ ይህን መልእክት በመድኃኒት ሲዘጉት ሽፋኑ ባመዛኙ ሲሊያ ባላቸው ሕዋሳት ይሞላል። ከሁሉም ሥር፣ ግድግዳውን የሙጥኝ ብለው የተቀመጡት መሠረታዊ ሕዋሳት ፒ63 በተባለ ፕሮቲን ይታወቃሉ፤ እነርሱ ግንደ ሕዋሳት ናቸው፤ ከላይ ያለው ሽፋን ሲጎዳ የሚተኩት እነርሱ ናቸው። ከመወለድ በፊት የተቀመጠው ይህ ተጠባባቂ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሲሊያ ስላላቸው ሕዋሳት ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእነርሱ አሠራር የሚደርስ ስህተት የሚያስከትለውን ሕመም ወላጆች ብዙ ጊዜ ከአስም ጋር ያምታቱታል። እያንዳንዱ ሕዋስ 200 እና ከዚያ በላይ ሲሊያ አለው፤ ክሮቹ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ እየመቱ ንፍጡን ከነአቧራውና ከነጀርሙ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ክሩን የሚያንቀሳቅሰው ዳይኒን የተባለ የፕሮቲን ሞተር ነው። ማኔስ ካርታጌነር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 ልባቸው በቀኝ በኩል የሆነ፣ አፍንጫቸው ዘወትር የሚፈስና ሳንባቸው በተደጋጋሚ የሚቆስል ሕሙማንን ገለጸ፤ ግንኙነቱ ምን እንደሆነ ግን የታወቀው ከ43 ዓመት በኋላ፣ ስዊድናዊው ቢዮርን አፍዘሊየስ በእነዚህ ሰዎች ሲሊያ ውስጥ የዳይኒን ክንዶች እንደጎደሉ ባሳየ ጊዜ ነው። በሽል ዘመን የልብና የጉበት ቦታ የሚወሰነው ሲሊያ በሚፈጥሩት የፈሳሽ ፍሰት ነው፤ ሞተሩ ሲጎድል የአካላቱ ቦታ በአጋጣሚ ይወሰናል፤ በመሆኑም ከሕሙማኑ ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሆድና የደረት አካላቸው በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገለበጠ ነው። ዛሬ ይህን ሕመም የሚያመጡ ከ50 በላይ ጂኖች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ጊዜያቸውን ጠብቀው ቢወለዱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመተንፈስ ችግር ያጋጥማቸዋል፤ የሲሊያው ሥራ ከመጀመሪያዋ ትንፋሽ ጀምሮ እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል። በልጅዎ ላይ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ችግር ያለ ጊዜ በመወለድ በቂ ማብራሪያ ስላለው ይህን ሕመም በቀዳሚነት አልጠረጥርም፤ ምን ቢታይ እንደምጠረጥር ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ሌላው በማህፀን ውስጥ የሚጀምረው የሽፋኑ ሥራ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። የፅንስ ሳንባ ባዶ አይደለም፤ ሽፋኑ ክሎራይድ የተባለውን ጨው ወደ ውስጥ እየገፋ ውሃን ያስከትላል፤ ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ተወጥሮ ያድጋል። ይህ ውጥረት ለእድገት የግድ ነው፤ የሽርት ውሃ ለረጅም ጊዜ እጅግ ሲያንስ ወይም የሆድ ዕቃ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ቀዳዳ በኩል ወደ ደረት ገብቶ ሳንባውን ሲጫነው ሳንባው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ምጥ ሲቃረብና ልደት ሲሆን ሽፋኑ ሥራውን ይገለብጣል፤ ሶዲየምን እየሳበ ፈሳሹን ወደ ደም ይመልሳል፤ ሳንባው ለአየር ይለቀቃል። ክሎራይድ ከሚያልፍባቸው በሮች አንዱ ሲኤፍቲአር ነው፤ ጂኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን ጉድለቱ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለውን ሕመም ያመጣል። በዚህ ሕመም ቆሽት ከመወለድ በፊት መጎዳት ሲጀምር የአየር ቧንቧዎች ግን ሲወለዱ ለዐይን ጤናማ ይመስላሉ፤ ንፍጡ የሚደርቀውና ጀርም የሚያፈራበት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች በቧንቧው ሽፋን ውስጥ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ የሆኑ፣ ሲኤፍቲአርን ግን እጅግ አብዝተው የሚሠሩ አዮኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት አገኙ። ወዲያው ሕመሙ ሁሉ የእነዚህ ጥቂት ሕዋሳት ነው የሚል ግምት ተስፋፋ፤ በኋላ የወጡ ጥናቶች ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በቁጥር የሚበዙት አመንጪ ሕዋሳት መሆናቸውን አመለከቱ። አዲስ ሕዋስ በተገኘ ቁጥር ለመደምደም መቸኮል እንደማይገባ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

አሁን ልጅዎ ወደተወለደበት ሳምንት እንድረስ። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ የቧንቧዎቹ ጫፎች እየሰፉ የደም ሥሮች ይከቧቸዋል፤ ከ24ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ገደማ ደግሞ ጫፎቹ ቀጭን ግድግዳ ያላቸው ከረጢቶች ይሆናሉ። ዓይነት-2 የሚባሉት የከረጢቱ ሕዋሳት ሰርፋክታንት የተባለውን ቅባት ነክ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፤ ይህ ንጥረ ነገር የከረጢቶቹን የውሃ ገጽታ ውጥረት በመቀነስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ እንዳይከስሙ ይጠብቃቸዋል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት የመተንፈስ ጭንቀት ከዚህ እጥረት እንደሚመጣ ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ሊጊንስና ሃዊ ያለ ጊዜው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች የሚሰጥ ስቴሮይድ የሕፃኑን ሳንባ እንደሚያበስል አረጋገጡ። በ31 ሳምንት የሚወለድ ሕፃን ሰርፋክታንት ማምረት ጀምሯል፤ የሚበቃው ግን ላይሆን ይችላል። እውነተኞቹ የአየር ከረጢቶች በብዛት የሚሠሩት ወደ ልደት መቃረቢያ እና ከልደት በኋላ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት። እስከ ጉርምስና ድረስ አዳዲስ ከረጢቶች እንደሚጨመሩ የሚያመለክት ማስረጃም አለ። ስለዚህ «ያልተሠራው በኋላ ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ፣ ለከረጢቶቹ አዎ፣ በአብዛኛው ይሠራል የሚል ነው። ለአየር ቧንቧ ቅርንጫፎች ቁጥር ግን ከልደት በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ቧንቧዎቹ ከሰውነቱ ጋር ይረዝማሉ፣ ይሰፋሉ፤ አዲስ ቅርንጫፍ ግን አይበቅልም።

ታዲያ ቅርንጫፎቹ ሙሉ ሆነው ሳለ ለምን ሲር ሲር ይላል? የ31 ሳምንት ሕፃን የቧንቧ ግድግዳ ለስላሳ ነው፤ በዙሪያው ያሉትና ቧንቧውን እንደ ገመድ ወጥረው ክፍት የሚይዙት የከረጢት ግድግዳዎችም ገና ጥቂት ናቸው። ማህፀን ውስጥ ሊኖር ከሚገባው የኦክስጅን መጠን እጅግ የበለጠ ኦክስጅን ሲያገኝ፣ ማሽን ከረዳውም ግፊት ሲያርፍበት፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ለስላሳ ጡንቻ ይወፍራል፤ ሽፋኑም ይጎዳል። ይህ ከበረታ ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕሌዢያ የሚባለው ሕመም ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ኖርዝዌይና ባልደረቦቹ ገልጸውታል። ልጅዎ ጥቂት ሳምንታት ብቻ በኦክስጅን መቆየቱ ብርቱው ዓይነት እንዳልደረሰበት ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች፣ ይህ ሕመም ያልደረሰባቸውም ቢሆኑ፣ በአማካይ በአንድ ሰከንድ ተገፍቶ የሚወጣው ትንፋሻቸው ከእኩዮቻቸው ያነሰ ነው። ቀድሞውኑ ጠባብ የሆነ ቧንቧ በጉንፋን ትንሽ ሲያብጥ ብዙ ይጠባል፤ አየር በቱቦ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ቱቦው በጠበበ ቁጥር በእጅጉ ስለሚጨምር በትልቅ ቧንቧ የማይሰማ እብጠት በትንሽ ቧንቧ ሲር ሲር ያሰኛል። ይህ ሁልጊዜ አስም አይደለም። በአስም የአለርጂ ሕዋሳት የሚልኩት ኢንተርሉኪን-13 የተባለ መልእክት አመንጪ ሕዋሳትን ወደ ንፍጥ አምራችነት ይገፋል፤ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ብዙ ልጆች ግን ይህ የአለርጂ ብግነት አይገኝም። ሁለቱን ሳይለዩ ለዓመታት አንድ ዓይነት መድኃኒት መስጠት አይገባም፤ ለዚህም ነው ምርመራውን አጥብቄ የምመክረው።

ለከባድ የሳንባ በሽታ ስለመጋለጥ የጠየቁት ሰፊ መልስ ይፈልጋል። የሰው ሳንባ ብቃት እስከ 20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ድረስ እያደገ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሁሉም ሰው ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዝቅተኛ ጣሪያ መውረድ የጀመረ ሰው፣ አወራረዱ እንደማንኛውም ሰው ቢሆንም፣ የሕመም መስመር ላይ ቀድሞ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፒተር ላንግና ባልደረቦቹ ሦስት የረጅም ጊዜ ጥናቶችን አጣምረው ባወጡት ሥራ፣ ሲኦፒዲ ከተባለው ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በወጣትነታቸው ዝቅተኛ ጣሪያ የነበራቸው ሆነው ተገኙ። ዴቪድ ባርከርም ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የልደት ክብደት ማነስ በእርጅና ዘመን ካለ የሳንባ ድክመት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት የአየር ቧንቧቸው ከሳንባቸው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጠባብ የሆነ ሰዎች፣ ሲጋራ ባያጨሱም፣ ለሲኦፒዲ የበለጠ እንደሚጋለጡ አሳየ፤ ያ ጥበት የሚመነጨው፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከልደት በፊትና በልጅነት ከሚሆነው እድገት ነው። እናት በእርግዝና ጊዜ ስታጨስ ኒኮቲን እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ ሳንባ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለፉ ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ የአየር ፍሰታቸው የቀነሰ ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ያለ ጊዜ መውለድ በአብዛኛው እናት ልትከለክለው የምትችለው ነገር አይደለምና፣ እባክዎ ራስዎን አይክሰሱ።

በማህፀን ውስጥ የተሠሩት መልእክቶችና ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ከልደት በኋላ ጠፍተው አይቀሩም፤ ቧንቧው ሲጎዳ ለጥገና እንደገና ይነሣሉ። ጥገናው ሲጣመም ሕመም ይሆናል። ለረጅም ዓመታት ጭስ ሲደርስባቸው መሠረታዊ ሕዋሳት ከልክ በላይ ይባዛሉ፤ ሲሊያ ያለው ሽፋን ቀርቶ እንደ ቆዳ ጠፍጣፋ የሆነ ሽፋን ይተካል፤ አክታው የሚጠርገው ያጣል። የሳንባ ካንሰር ዓይነቶችም የዚያን ጥንታዊ ማንነት ዱካ ይዘዋል፦ ስኳመስ የሚባለው ከመሠረታዊ ሕዋሳት ጋር ይዛመዳል፣ ሶክስ-2ም በብዙዎቹ ውስጥ በዝቶ ይገኛል፤ ትንሽ ሕዋስ ካንሰር ከኒውሮኢንዶክራይን ሕዋሳት ጋር፤ የአዴኖካርሲኖማ ብዙ ናሙናዎች ደግሞ በ4ኛው ሳምንት ሳንባን ያስጀመረውን ኤንኬኤክስ2-1ን ይይዛሉ። የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ከሌላ አካል የተወሰደ ዕጢ ከሳንባ የተነሣ መሆኑን ለማወቅ ዘወትር የሚፈልጉትም ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ይህን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ በግልጽ ልናገር፦ የልጅዎ ሲር ሲር ማለት የካንሰር ምልክት አይደለም፤ ወደፊት ለካንሰር የሚያጋልጠው ከሁሉ በላይ ትምባሆ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሊቀር የሚችል ነገር ነው።

ወደ ተግባሩ ስመለስ፣ 6 ዓመት የሞላው ልጅ ስፓይሮሜትሪ የተባለውን የትንፋሽ መለኪያ መንፋት ይችላል። የቧንቧ ማስፊያ መድኃኒት ከመሳቡ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ እንዲለካ ይጠይቁ፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ቁጥሩ ጉልህ ከጨመረ የጡንቻው መኮማተር ድርሻ አለው ማለት ነው፤ ካልጨመረ ጥበቱ ከቧንቧው መጠን የመጣ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚሳብ መድኃኒት ካዘዘ በስፔሰር፣ ማለትም በመድኃኒቱ መሳቢያና በአፉ መካከል በሚገጠም ባዶ ቱቦ፣ እንዲወስድ ያድርጉ፤ ያለ እርሱ አብዛኛው መድኃኒት አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በቤት ውስጥም ሆነ በመኪና ውስጥ የትምባሆም ሆነ የማገዶ ጭስ እንዳይደርስበት ማድረግ ከማውቃቸው እርዳታዎች ሁሉ ይቀድማል፤ የኩፍኝ፣ የኒሞኒያና የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶቹም እንዳይጓደሉ። ይሩጥ፣ ይጫወት፤ የሚያርፍበትን ጊዜ ራሱ ይምረጥ እንጂ ከጨዋታ አያግዱት።

አስቀድሜ ቃል የገባሁት ነገር አለ። ሳሉ እርጥብ ሆኖ ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከተወለደ ጀምሮ አፍንጫው ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ ጆሮው ደጋግሞ የሚያመረቅዝ ከሆነ፣ ክብደት መጨመር ካቃተው፣ የጣቶቹ ጫፎች ካበጡና ጥፍሮቹ ከጎበጡ ወይም ልቡ በቀኝ በኩል እንዳለ ከተነገረዎት፣ ጉዳዩን ያለ ጊዜ በመወለዱ ብቻ ማስረዳት አይበቃም፤ የሲሊያና የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ምርመራ እንዲደረግለት የልጆች ሳንባ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል በትንፋሽ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ለመናገር ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በ31 ሳምንቱ መወለዱን የሚገልጸውንና በኦክስጅን ስንት ቀን እንደቆየ የሚናገረውን የሆስፒታል ወረቀት ያስቀምጡለት፤ በ30 ወይም በ40 ዓመቱ ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ሐኪም ፊት ሲቀርብ «መቼ ተወለድክ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።